የእማዬ የክፉ ቀን ጉድጓድ

አዋሽ ሰባት ኪሎ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በሰነበተበት ሰሞን፣ የቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥረን ማደር በለመድንበት ጊዜ፣ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጡና መምህራኑን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው ቤተሰብ ላልታሰበ አደጋ እንዴት እንደሚሰናዳ ያስረዱን ጀመር። ለናሙና ያመጡትን ቦርሳ ከፍተው የእጅ ባትሪውን፣ የውሃውን ጠርሙስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን የልደት ወረቀት አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ የላስቲክ ዕቃ አወጣች፤ ይሄ በሶ ነው፣ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል ብላ ከፈተችውና እንድናየው ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈችው። እኔ ጋ ሲደርስ አፍንጫዬን የመታኝ የበሶው ጠረን ብቻ አልነበረም፤ በሙቀት ታፍኖ የሰነበተ እህል ሽታ ነው፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጠላ ጠላ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ዕቃውን ለሚቀጥለው ሰው እንኳ ሳላቀብል ትቼው ብድግ ብዬ ወጣሁ። እኔ ስነሳ ያዩ መምህራን መሬቱ የተነቃነቀ መስሏቸው ግማሾቹ ተከትለውኝ ወጡ፤ የሒሳብ መምህራችንማ በመስኮት ነበር የወጣው፣ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። እኔን ግን ምን እንዳስነሳኝ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ያንን ሽታ የማውቀው ከዱብቲ ነው። ልጅነቴ ያለፈው እዚያ፣ የጥጥ እርሻው ለሠራተኞቹ ባቆመው ካምፕ ውስጥ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባዬ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ስለነበር ቢታጠብም ባይታጠብም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እማዬ በለቀማ ወራት ጥጥ ትለቅማለች፣ በሌላው ጊዜ ቤቷን ታበጃለች። የዱብቲን ሙቀት ለማያውቀው ሰው ቢነግሩትም አይገባውም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ አቧራውን ከጥጥ ብናኝ ጋር አደባልቆ ፊታችን ላይ ይደፋል፣ ሲመሽ ደግሞ ከቦዩ የሚነሳው ትንኝ ተራውን ይረከባል። ይሄ ሁሉ ችግር መሆኑን እኛ ልጆቹ የሰማነው ከትልልቅ ሰዎች ነው፤ ለኛ ዱብቲ ማለት ቦይ ውስጥ መንቦራጨቅ፣ የጥጥ ክምር ላይ መዝለል፣ ከዚያም በሁለቱም ጥፋት መገረፍ ነበር።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስሟ አረጋሽ ነው፤ የመጣችው ከባቲ በላይ ካለ የወሎ አገር ነው። በዚያ በክፉው የረሃብ ዘመን እህሉም ከብቱም አልቆ በኩር ልጇን አዝላ ባዶ እጇን ከቤቷ ወጣች፤ ልጁን መንገድ ላይ ቀብራ እሷ ዱብቲ ደረሰች። ይህን የነገረን አባዬ ነው፤ እሷ የዚያን ልጅ ስም እንኳ አንስታ አታውቅም። የምታነሳው ስለ ስንቅ ብቻ ነበር። አልጋዋ ራስጌ ላይ የተሰቀለ የሸራ ከረጢት ነበራት፤ ውስጡ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ጨው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪትና ኩራዝ፣ የእኔና የወንድሜ የክርስትና ወረቀት አለበት። ወር በገባ ቁጥር ድርቆሹን አውጥታ ታናፍሰዋለች፣ ያስጠረጠራትን ለዶሮ ሰጥታ በአዲስ ትተካለች፣ የከረጢቱን አፍ መልሳ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥረዋለች። አባዬ፣ ሴትዮዋ ለስምንተኛው ሺህ ነው የምትሰንቀው እያለ ይስቅባታል፤ እሷ አትስቅም። አንድ ቀን በሶውን ሰርቄ በስኳር ለውሼ ስበላ ያዘችኝና ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያንን ከረጢት ቀና ብዬ ማየት ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

ከረጢቱ ታዲያ ለመንገድ ነው፤ ዋናው ስንቅ ከመሬት በታች ነበር። በሷ አገር እህል የሚከተተው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ፣ ዱብቲ ቤት በተሰጣቸው ዓመት የውስጠኛውን ክፍል ወለል በገዛ እጇ ቆፍራ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነ፣ ጥልቀቱ ከአባዬ ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ አወጣች። ውስጡን እሳት አንድዳ አደረቀችው፣ በእበት ለቀለቀችው፣ ገለባ ጎዘጎዘችው፤ ጨርሳ ስትወጣ አፉን ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ በድንጋይ ገንብታ አጠበበችው፤ ማሽላውን ሞልታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠመችው፣ ዙሪያውን በጭቃ መረገች፣ በላዩ ላይ አልጋዋን ዘረጋች። አባዬ፣ ይሄ አገር እኮ ወንዝ የሚተኛበት አገር ነው፣ ጉድጓድ አይሆነውም ብሎ ነግሯት ነበር፤ ግን እማዬ ረሃብን እንጂ ውሃን ፈርታ አታውቅም። ለማንም ትንፍሽ እንዳንል አስምላናለች። ካምፑ በሙሉ ያውቅ እንደነበር የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሽታው የሚደበቅ አልነበረማ።

ጉድጓዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ አሮጌው እህል ወጥቶ አዲሱ ይገባል። አከፋፈቱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል፣ በርና መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈታል፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ወደዚያ ክፍል ድርሽ አይልም። የተዘጋ እህል ቂም ይይዛል ትለን ነበር እማዬ፣ ቂሙን ሳይተነፍስ የደፈረውን ሰው አይለቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኩራዝ ለኩሳ በገመድ ታወርዳለች፤ መብራቱ ከጠፋ ገና ነው፣ ካልጠፋ ሰው ይገባል። የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ፣ አፉ ለትልቅ ሰው ስለማይበቃ። ወገቤን በገመድ አስራ፣ እጆቼን ወደ ላይ አዘርግታ ታወርደኛለች፤ እኔ እህሉን በጣሳ እየዛቅሁ ባልዲ እሞላለሁ፣ ባልዲውን በሌላ ገመድ ትስባለች።

እንዴት እንደምጠላው! ሙቀቱ፣ ጨለማው፣ አንገቴ ላይ የሚሄደው ነቀዝ፣ ከሁሉም በላይ ያ ሽታ፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከፀጉሬ አይወጣም። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ጉሽ» የሚል ስም አወጡልኝ፣ ያልተጣራ ጠላ ትሸቺያለሽ ለማለት ነው፤ ጉሽ መጣች፣ ጉሽ ሄደች ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፣ ደረቴም ማጎንቆል ጀምሯል፣ በውስጥ ልብስ ሆኜ መንጠልጠሉም ያሳፍረኛል። ስለዚህ የዚያን ዓመት ለፋሲካ ጉድጓዱ ሲከፈት ትከሻዬ አላልፍ አለኝ አልኩ። ውሸቴን ነው። ክንዴን ወደ ጎን ገፍቼ፣ ትከሻዬን ነፍቼ፣ አፉ ላይ ተቀርቅሬ ወይኔ ወይኔ አልኩ። እማዬ ደንግጣ ሳበችኝና ድንጋዩ የፋቀኝን ቦታ ቅቤ እየቀባች፣ ልጄ አድጋለች፣ እኔ ሞኟ ሳላይ ብላ ሳቀች። የሷ ሳቅ ብርቅ ስለነበር ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም፣ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በእኔ ቦታ ሙሉቀን ገባ። ሙሌ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሰባት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ላይ ቁስል ጠፍቶበት የማያውቅ፣ ወሬ የማያልቅበት ልጅ። እኔ እንደ ቅጣት የማየውን ነገር እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። ከውስጥ ሆኖ ይዘፍናል፣ ድምፁ ከጉድጓዱ ሆድ አስተጋብቶ እንደ ትልቅ ሰው ወፍሮ ሲወጣ በራሱ ይስቃል፤ ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ ማንኪያ ስኳር ካልተሰጠኝ አልወጣም ብሎም ይደራደራል። ሲወጣ ፀጉሩ በሙሉ አቧራ ሆኖ፣ አንቺ ወፍራም ስለሆንሽ ነው አላልፍም ያለሽ ብሎ ሰደበኝ። እኔ ፀጉሩን አራገፍኩለት።

ከካምፑ አጥር ውጪ፣ ቦዩ ዳር፣ እትዬ ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የፍየል ወተት የምታመጣልን እሷ ነች። ከእማዬ ጋር የጀመሩት በወተት ሆኖ እህትማማች እስኪመስሉ ተዋደዱ። ቤቷ ከዘንባባ ሰሌን የተሠራ፣ ቆመው ሲያዩት ጎጆ፣ ሲነሳ ደግሞ ሁለት ግመል የሚሸከመው ነው። የእማዬን ጉድጓድ ነገር ሰምታ፣ ይሄ መሬት እኮ የሰው አይደለም፣ የወንዙ ነው፣ ለወንዙ ነው ቀለብ የምትሰፍሪለት እያለች ታሾፍባት ነበር። እማዬም እሷን፣ አንቺ ደግሞ ሁለት ፍየል በገዛሽ ቁጥር አንዷን ለዘመድ ታበድሪያለሽ፣ ለክፉ ቀን ምን ቀረሽ ትላታለች። ክፉ ቀን ሲመጣ ፍየሏ ያለችበት ቤት ቤቴ ነው ነበር የፋጡማ መልስ። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ስለነበሩ ተሸናንፈው አያውቁም።

ነሐሴ ገባ። ደጋው ላይ ክረምቱ ይወርዳል፣ ዱብቲ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አዋሽ ሲሞላ እዚያ ዝናብ ጠብ ሳይል ነው የሚሞላው። ፍልሰታ ነበርና ሙሌ ከጓደኞቹ ጋር እየተፎካከረ ይጾማል፤ ቀኑን በጾም እየዋለ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አይቀምስም፣ እማዬ ብታባብለውም እምቢ ይላል። ጾም በመሆኑ ወተት ማምጣት ያቆመችው እትዬ ፋጡማ በአጋማሹ ላይ አንድ ጠዋት ማልዳ መጣች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ይነጋገራሉ፣ ዳጉ ይሉታል፤ ማን አየው፣ መቼ አየው፣ ከማን ሰማው ተብሎ ተጣርቶ የሚያልፍ ወሬ ስለሆነ ውሸት ብዙም አይደፍረውም። ማታውን ከላይ ከወንዙ ዳር የመጣ የባሏ ዘመድ አዋሽ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ከኛ ርቆ ጥሶ መውጣቱን በዓይኑ አይቶ ተናግሯል። ነገ ረፋዱ ላይ እዚህ ይደርሳል አለች ፋጡማ፤ እኛ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ወደ ድንጋያማው ከፍታ እንነሳለን፣ ልጆችሽን ይዘሽ ተነሺ። የሷ ጎጆ ያን ጊዜ ፈርሶ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ነበር።

እማዬ ሮጣ አባዬ ዘንድ ወደ ፓምፑ ሄደች። የእርሻው ቢሮ፣ ወንዙን የሚያግደው የአፈር ግድብ ጠንካራ ነው፣ አደጋ ካለ ሳይረን ይነፋል፣ ማንም ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ ብሏል፤ አባዬ እንደታዘዘው ቀረ፣ እሷን ግን ልጆቹን ይዘሽ ከፋጡማ ጋር ውጪ አላት። ስትመለስ አራት ሰዓት አልፏል። ቤታችን ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ ፍራሹንና ልብሱን አሰረች፣ የሸራ ከረጢቱን አውርዳ ከጓዙ መሀል ጠፍራ ቋጠረች። ከዚያ አልጋዋን ገፋችና የጉድጓዱን ድንጋይ አነሳች።

እትዬ ፋጡማ ይህን ስታይ እህሉን ተዪው አለቻት፤ ወተት አለኝ፣ ያንቺ ልጆች የኔም ናቸው። እማዬ ድንጋዩን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«ፋጡማ፣ አንድ ጊዜ ባዶ እጄን ከቤቴ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልወጣም» አለቻት።

ፋጡማ ወደ ደጅ ወጣች። ምን ትላታለች?

ጉድጓዱ መተንፈስ ያለበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ግመሎቹ የሚነሱት በአሥር። በአንዲት ሰዓት ያን ሁሉ ማሽላ ማውጣት እንደማይቻል እማዬ አስልታለች። በርና መስኮቱን ከፍታ፣ ነጠላዋን ጉድጓዱ አፍ ላይ እያራገበች እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀችና ከዚያ በላይ አላስቻላትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት ለኛ ስትነግረን የኖረች ሴት እኮ ናት። ኩራዙ ጓዙ መሀል ከተቋጠረው ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው መብራት ክፉው ቀን ሲመጣ በቋጠሮዋ ጥብቀት ከእጇ ራቀ፣ ፈትታ ታውጣው እንደሆነ አሰበች፣ ተወችው። የቀረው ገመድ አንድ ብቻ ስለሆነም ለባልዲው ሆነ፤ ሙሌን ክንዱን ይዛ በእጇ አወረደችው።

እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ዕቃ እያወጣሁ። የመጀመሪያው ባልዲ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። አልዘፈነም። አልዘፈነም የሚለውን ያስተዋልኩት ያኔ ይሁን ኋላ ላይ ልቤ የፈጠረው ይሁን አላውቅም። ወደ ውስጥ ስገባ ግን ድምፁን ሰማሁት።

«እማዬ፣ ራሴን አመመኝ።»

«ጾሙ ነው የኔ አንበሳ፤ አንዲት ብቻ ሙላልኝና ትወጣለህ» አለችው።

ባልዲው ወረደ። ገመዱ ሳይነቃነቅ ቆየ። እማዬ ሙሌ አለች፣ ሙሉቀን አለች፣ ከዚያ በደረቷ ተኝታ ክንዷን እስከ ብብቷ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች፤ አልደረሰችበትም፤ ጭንቅላቷን አስገብታ በትከሻዋ ስትታገል አፉ አላሳልፍ አላት፣ አንገቷ በድንጋዩ ተልጦ ደም በደም ሆነች። ጩኸቷን ሰምታ እትዬ ፋጡማ ሮጣ ገባች። ፋጡማ ባልዲውን ስባ ገመዱን ፈታችና ወደ እኔ ዞረች፤ ቀጭን የሆነ ሰው እኔ ብቻ ነኛ።

ቀሚሴን አውልቄ ጣልኩት። እትዬ ፋጡማ ወገቤን አሰረችኝ፣ እርጥብ ጨርቅ አፌ ላይ አድርጋ እንዳትተነፍሺ አለችኝ። እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ ገባሁ። ድንጋዩ አልነካኝም። በግራም አልነካኝም፣ በቀኝም አልነካኝም፤ ውሃ ውስጥ እንደምገባ ሰተት ብዬ ገባሁ። ሳልፍ የእማዬ ፊት ከፊቴ ላይ ነበር፣ ዓይኗን አየሁት፣ እሷም እኔን አየችኝ።

ወንድሜን በጨለማው ውስጥ በእጄ አገኘሁት፤ ማሽላው ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ነበር፣ እንደሚተኛው። በብብቱ አልፌ አቀፍኩት፣ ከኋላዬ ተስቦ እንዲወጣ ከወገቤ የተረፈውን የገመድ ጫፍ ደረቱ ላይ ቋጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ደጅ ጥላው ስር ስነቃ፣ እያስመለሰኝ፣ እትዬ ፋጡማ በሙሌ አፍ ትንፋሿን ስትነፋ ነው። ብዙ ነፋች። ሰውነቱ ሙቀት ነበረው፣ ዱብቲ ደግሞ ሬሳም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በዚያ ሙቀት ተታልለን ስንት ጊዜ ተነቃነቀ ተባብለናል። በመጨረሻ ፋጡማ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስተኛችው፣ በሻሿ ፊቱን ሸፈነችና ለራሷ የምትቀራውን ቀራች። እማዬ አላለቀሰችም። ጾሙን አልፈታም፣ ጾሙን አልፈታም ትል ነበር ደጋግማ፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ቀበርነው። አባዬ በናፍጣ ልብሱ ነበር፤ መካኒኮቹ ቆፈሩ፣ ቄሱ በችኮላ ፈቱት። የእትዬ ፋጡማ ቤተሰብ ግመሎቹን እንደጫኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆመው ጠበቁን፤ የውሃውን መምጣት እያወቁ አንድም ሰው ፍጠኑ አላለንም። ከዚያ ተከትለናቸው ከፍታው ላይ ወጣን። በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ ዳጉው እንዳለው፣ ውሃው መጣ፤ ቡኒ ሆኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በጥጡ መሀል ተስፋፍቶ። የቢሮው ሳይረን የጮኸው ካምፑ ውስጥ ውሃ ከገባ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያ ጎርፍ ከካምፓችን አንድም ሰው አልገደለም። ሁሉም በእግሩ፣ በትራክተሩ፣ በግመል ወጥቷል፤ ረፋዱም ላይ መውጣት ይቻል ነበር። አሥራ አንድ ቀን ከፍታው ላይ ስንቀመጥ የተራብነው ረሃብ አልነበረም፤ ፋጡማ ፍየሎቿን ካበደረቻቸው ዘመዶቿ ወተት ይመጣላት ነበር፣ ከሷ ልጆች እኩል ተቀድቶልን ጾሙን ፈትተን ጠጣን። ሙሌ ያወጣውን ሦስት ባልዲ ማሽላ ማንም አፉ ላይ ሊያደርገው አልቻለም፤ አባዬ አንድ ጠዋት ወስዶ ለፍየሎቹ በተነው። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እማዬ ላይ ሲሆን በሌላ በር ነው የደረሰው።

እማዬ ከዚያ በኋላ እህል አስቀምጣ አታውቅም። ሎግያ ተዛውረን ስንኖር ዱቄት የምትገዛው ለዕለት ነው፤ ጨው እንኳ በትንሽ በትንሹ፣ ዘይት በብርጭቆ። ሌሊት እንግዳ ቢመጣ የምናቀርበው የለንም፣ አባዬ ይቆጣል፣ እሷ ትሰማዋለች፣ ነገም የዕለቱን ብቻ ይዛ ትመጣለች። ሰው ሲያማት፣ አረጋሽ ተስፋ ቆረጠች ይላል። እኔ ግን ተስፋ መቁረጧን አላየሁም፤ ያየሁት ዝምታዋን ነው። ያን ቀን እንዴት እንዳለፍኩ፣ ለፋሲካ ያላለፈው ትከሻዬ ለነሐሴ እንዴት እንዳለፈ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። ሙሌን እኔ ገደልኩት የምትለው ራሷን ነው፤ ለቄሱም ለጎረቤቱም እንደዚያ ትላለች። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ፣ አፌን ከፍቼ እውነቱን ልናገር እላለሁ፣ ይቀራል። ፀጉርሽን ልሥራልሽ ስትለኝ ራሴን ያመኛል እላት ነበር። አብረን አንድ መደብ ላይ መቀመጥ ሳይቀር የማልፈልግ ልጅ ሆንኩ። ማስተማር ስጀምርም ከሷ ራቅ ያለውን ቦታ ነበር የምጠይቀው፤ ሲመጣብኝ የነበረው ዓይኗ ነዋ።

አባዬ ከሞተ በኋላ ሰመራ እኔ ዘንድ መጣች፤ ያን ጊዜ ሳልጠይቅ ወደዚያ አዛውረውኝ እዚያ ነበር የማስተምረው። አርጅታለች፣ ሳንባዋ ደክሟል፣ ከበረንዳው ሰሌን ላይ ብዙ አትነሳም። አንድ ከሰዓት፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሆነው፣ ነፋሱ በሩን እያንገጫገጨ፣ ትራስ ላስተካክልላት ጎንበስ ስል ትከሻዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ለስንት ዓመት ያልነካችኝን ትከሻ ዳበሰችው።

«ያልፍ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም። «አዎ እማዬ፣ ያልፍ ነበር። ሽታውን ጠልቼ ነው፤ ልጆቹ ይሰድቡኝ ነበር» አልኳት። በአርባ ዓመቴ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር ያልኩት።

«ያን ቀን ስትገቢ አይቻለሁ» አለች። «አንዱን ረሃብ ወሰደብኝ፣ አንዱን በገዛ እጄ አወረድኩት። አንቺን ደግሞ በአፌ እንዳላጣሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ልጅ ነበርሽ አለች፣ ያ ብቻ። ከዚያ ስለ ሙሌ ማውራት ጀመርን፤ ስኳሩን፣ ቁስሉን፣ ወፍራም ብሎ መስደቡን ነገርኳት፣ እሷ ሳታውቅ የቀረችውን ስድብ ስትሰማ ሳል እስኪያፍናት ሳቀች፣ አብረን ሳቅን፣ አብረን አለቀስን። የበኩር ልጇንም ስም ነገረችኝ፤ እሸቱ ይባላል። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሰሌኑ አልነሳም ነበር፣ ፀጉሬንም ትሠራኝ ጀመር፣ አጠማማ። እንደዚያ ሆነን ሁለት ወር ሳይሞላን ሞተች። ሰው እናትሽ ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው፣ ብዙ ዓመት አብረሽ ኖረሻል እያለ ያጽናናኛል። እኔ ስቆጥረው ግን እናት የነበረኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስና ያችን ሁለት ወር ነው።